ከኮምቦልቻ በየገፍ ደን ወደ ማይባር፣ ከደሴ ወደ ሐይቅና አርዲቦ፦ የኮረኮንች ብስክሌት ጉዞ ዕቅድ፣ አስተያየታችሁን እፈልጋለሁ

ጠጠር ወዳድ
ጥቅምት 11፣ ምሽት 2፡15

ሰላም እንዴት ናችሁ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከአራት አምስት ሰው ጋር አንድ ከባድ ጉዞ አስቤያለሁ። አስፋልቱን በተቻለ መጠን ትተን፣ ደንና ሐይቅ በሚጎራበቱበት የወሎ ተራራ ላይ በኮረኮንች መንዳት ነው ሐሳቡ። መስመሩን በሳተላይት ካርታ ላይ ስዬዋለሁ፤ መሬቱን የምታውቁት ግን እናንተ ስለሆናችሁ ሳትሳሱ ንገሩኝ።

መነሻው ኮምቦልቻ ነው፣ 1,850 ሜትር አካባቢ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ተነስተን በየገፍ ደን ውስጥ ሽቅብ እንወጣለን። የተራራው ጫፍ 3,000 ሜትር ይደርሳል፤ እኛ ጫፉ ድረስ አንሄድም፣ በትከሻው ተሻግረን ወደ ማይባር ሐይቅ እንወርዳለን። ከማይባር ደሴ። ከደሴ በቦሩ ሜዳ አድርገን ሐይቅ ከተማ፣ ከዚያ አርዲቦ የሚባለው ሌላው ሐይቅ ደርሰን ወደ ሐይቅ ከተማ መመለስ። በድምሩ 110 ኪ.ሜ ገደማ ይሆናል፤ ዳገቱን ስደምረው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። በአንድ ቀን ለመጨረስ ነው ያሰብኩት።

ለምን ይህን መስመር መረጥኩ? ከአዲስ አበባ ደሴ ያለውን 400 ኪ.ሜ መንገድ በአውቶቡስም በብስክሌትም የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው። ከመንገዱ ወዲያ ያለውን ደን ግን ከመስኮት አይቶ ነው የሚያልፈው። የገፍ ላይ ያለው ጥድና ወይራ በአንድ ወቅት እነዚህን ተራሮች በሙሉ ሸፍኖ ከነበረው የቀረ ነው። ሳይቸኩሉ፣ በራስ ጉልበት፣ ትንፋሽ እያጠረ ማየት ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

የምጠይቃችሁ፦ አንደኛ፣ በአንድ ቀን ይቻላል ወይ? ሁለተኛ፣ ምን ዓይነት ጎማና ማርሽ ይዘን እንምጣ? ሦስተኛ፣ ደኑ ውስጥ ለመግባት ማንን ማስፈቀድ አለብን?


የቦርከና ልጅ
ጥቅምት 11፣ ምሽት 3፡02

ወንድሜ፣ እንኳን ወደኛ አሰብክ። አብሽር፣ ሰው አታጣም፤ አንዱ እኔ ነኝ።

በአንድ ቀን ግን አይሆንም። ኮምቦልቻ ላይ ቆመው ሲያዩት የገፍ ቅርብ ይመስላል። ከከተማው እስከ ደኑ ትከሻ ወደ 1,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ አለ፤ እሱም ወጥ ዳገት አይደለም። ትንሽ ያሳርፍህና እንደገና ቀጥ ይላል። በወጥ ዳገት ላይ ትንፋሽህን አስተካክለህ ትዘልቃለህ፤ እንዲህ የሚቆራረጠው ነው ጉልበት የሚጨርሰው።

ስለ መሬቱ ልንገርህ። የታችኛው ክፍል ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ የተተከለበት ነው። ባሕር ዛፍ ሥር ሁለት ነገር ልብ በሉ። ደረቁ ቅጠል ከሥሩ ያለውን ድንጋይ ይሸፍናል፤ ፍሬው ደግሞ ጠንካራና ድቡልቡል ስለሆነ ጎማ ሥር ይንከባለላል። ዳገት ላይ የኋላ ጎማ መሽከርከር ሲጀምር ከመቀመጫችሁ አትነሱ። ክብደታችሁ ወደ ፊት ከሄደ ጎማው ባዶውን ይዞራል፣ ያው መውረድ ነው። ደረታችሁን ወደ መሪው ዝቅ አድርጋችሁ፣ ተቀምጣችሁ፣ በቀስታ ርገጡ።

ከፍ ስትሉ ያገር ዛፍ ይጀምራል። ጥድ፣ ወይራ፣ አልፎ አልፎ ዝግባ። ክፍት በሆነው ቦታ ክትክታና አጋም አለ፤ የአጋም እሾህ ክንድም ጎማም አይምርም። መንገዱ የሰውና የከብት እግር የሠራው ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሸክም ያዘሉ እናቶችና አህዮች ይወርዱበታል። እነሱ ሲመጡ እኛ ነን የምንወርደው። ከሩቅ ድምፅ አሰምታችሁ፣ ብስክሌታችሁን ይዛችሁ በተራራው በኩል ቁሙ፤ አህያ ደንግጣ ብትገፋችሁ እንኳ ወደ ገደሉ አትጥላችሁም።


አያ ዳገት
ጥቅምት 12፣ ጠዋት 1፡40

ልጆች፣ ሐሳባችሁን ወድጄዋለሁ። እኔ ያደግኩት በአስፋልት እሽቅድምድም ነው፤ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት በ1949ኙ የሜልቦርን ኦሎምፒክ ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞች እንዳሰለፈች እየሰማን ነው እግራችንን ያፈረጠምነው። ስለዚህ ሐረጎን፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣውን የአስፋልት ዳገት፣ እንዲህ በቀላሉ ስትተዉት ቅር ይለኛል። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪ.ሜ የማይሞላ መንገድ ነው፤ ከ600 ሜትር በላይ ያወጣችኋል፤ መንገድ አትስቱም፤ ቢበላሽባችሁ መኪና ታገኛላችሁ። ሐረጎን ወጥታችሁ ደሴ ግቡ፣ ከዚያ ጉልበታችሁን ለአርዲቦ አስቀምጡ። ይሄ ነው የኔ ምክር።

በደኑ ከሄዳችሁ ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። የሠለጠነ ሰው ዕቃ ይዞ በኮረኮንች ዳገት በሰዓት 350 ሜትር ከፍታ ከወጣ ጎበዝ ነው። የመጀመሪያው ክፍል፣ እስከ ደሴ ያለው፣ ውጣ ውረዱ ተደምሮ ወደ 1,500 ሜትር ይጠጋል። ይህ ማለት ከአራት ሰዓት በላይ ዳገት ብቻ ነው። ቁልቁለቱን፣ ዕረፍቱን፣ የጎማ ጥገናውን፣ ከሰው ጋር ሰላም የምትባባሉበትን ጨምሩ፤ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል። ንጋት 12 ሰዓት ብትነሱ ደሴ የምትገቡት ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ኅዳር ላይ 12 ሰዓት አካባቢ ይመሻል። ቀሪውን 60 ኪ.ሜ በጨለማ ልትነዱት ነው? እኔ አልፈቅድላችሁም።


ጠጠር ወዳድ
ጥቅምት 12፣ ቀን 6፡20

አያ ዳገት፣ ስለ ሒሳቡ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በዚህ ስሌት ሁለት ቀን መሆኑ አያከራክርም፤ ቅዳሜ ደሴ አድረን እሑድ ወደ ሐይቅ እንወርዳለን።

ስለ ሐረጎ ግን ፍቀዱልኝ፣ አልስማማም። እርስዎ የሚያውቁት ሐረጎ የዛሬውን ያህል ከባድ መኪና የሚርመሰመስበት አልነበረም። የሰሜኑ መስመር ጭነት በሙሉ በዚያ ጠመዝማዛ ላይ ነው። ሽቅብ የሚወጣው ተሳቢ ከኛ እኩል እያዘገመ ጭሱን ፊታችን ላይ ይለቅቃል፤ ቁልቁል የሚመጣው የፍሬኑ ሽታ ከሩቅ ይሰማል። ኩርባው ላይ ሁለቱ ሲተላለፉ ለብስክሌት የሚተርፍ ጠርዝ የለም። አራት አምስት ሰው ይዤ እዚያ ላይ ኃላፊነት መውሰድ አልችልም። ዝግተኛውና አድካሚው የደኑ መንገድ ለኔ ደኅነኛው ነው።


አያ ዳገት
ጥቅምት 12፣ ቀን 8፡05

የመኪናው ነገር እውነት ነው፣ ተቀብያለሁ። አንድ ጥያቄ ይቀረኛል፦ ለምን ከደሴ ተነስታችሁ ወደ ኮምቦልቻ አትወርዱም? ያው ደን፣ ያው ማይባር፤ 600 ሜትር ከፍታ በነፃ ታገኛላችሁ።


የቦርከና ልጅ
ጥቅምት 12፣ ቀን 8፡31

ለዚህስ እኔ ልመልስ። የየገፍ ድንጋይ ሲወጡት ያደክማል፣ ሲወርዱት ይሰብራል። በዚያ ቁልቁለት ፍሬን ይዘህ ሰዓታት ስትወርድ ጣትህ ይደነዝዛል፤ መጨረሻ ላይ፣ በጣም በደከመህ ሰዓት፣ ያ ባሕር ዛፍ ይጠብቅሃል። ሌላው ሙቀቱ ነው። ኮምቦልቻ ከሰዓት በኋላ ይሞቃል። ጠዋት በብርዱ ከኮምቦልቻ ተነስተን ፀሐይዋ ከፍ ስትል እኛም ከፍ ብለን፣ በዛፍ ጥላ ውስጥ ብንሆን ይሻላል።


ኪያቤ
ጥቅምት 12፣ ምሽት 1፡50

ደሴ ብስክሌትና ሞተር እጠግናለሁ። ስለ ዕቃው እኔ ልናገር፣ ምክንያቱም በየጊዜው ተገፍቶ የሚመጣልኝ ሁሉ የሚበላሸው በተመሳሳይ ነገር ነው።

ማርሽ። ከሁሉ በፊት ይህን እዩ። ብዙ ሰው የፊቱ 40 ጥርስ፣ የኋላው ትልቁ 36 ጥርስ የሆነ ብስክሌት ይዞ ይመጣል። በዚህ ማርሽ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ብስክሌቱ 2.4 ሜትር ያህል ይሄዳል። ከባድ ዳገት ላይ ፍጥነታችሁ በሰዓት 6 ኪ.ሜ ነው እንበል፤ እግራችሁ በደቂቃ የሚዞረው 41 ጊዜ ብቻ ነው ማለት ነው። ይህ መርገጥ አይባልም፣ በጉልበት አጥንት መግፋት ነው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጉልበታችሁ ያስታውቃችኋል። የፊቱን 32፣ የኋላውን 42 ብታደርጉት በዚያው ፍጥነት በደቂቃ 60 ጊዜ ትዞራላችሁ። የኋላው ጥርስ ከፊቱ የሚበልጥበት ማርሽ የሌለው ሰው ለዚህ ጉዞ አይነሳ።

ጎማ። ቢያንስ 45 ሚሊ ሜትር ስፋት፤ ፍሬሙ የሚያስገባ ከሆነ 50። ቀጭን ጎማ ጠጠሩ ላይ ይዘላል። ንፋሱንም አትወጥሩት። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ45 ጎማ ከ30 እስከ 35 ፒኤስአይ ይበቃዋል፤ ከመነዳሪ ያለው ወደ 35 ያድላ፣ አለዚያ ድንጋይ ሲመታው ከመነዳሪው ከቸርኬው ጋር ተቆንጥጦ ሁለት ጎን ይበሳል። ቲዩብለስ (ያለ ከመነዳሪ የሚሠራ ጎማ) ያላችሁ በሚደፍነው ፈሳሽ ሙሉት፤ ለአጋምና ለግራር እሾህ እሱን የሚያህል የለም። ሆኖም ቲዩብለስም ቢሆን አንድ ከመነዳሪ ይዛችሁ ኑ፤ ስለት ያለው ድንጋይ ጎማውን ከጎን ከቀደደው ፈሳሹ አይደፍነውም። በለስ ባለበት አጥር አጠገብ ብስክሌት አታስተኙ። እሾሁ ፀጉር ስለሚያህል አይታይም፣ ጎማ ውስጥ ተቀምጦ ቆይቶ ነው የሚበሳው፤ ከመነዳሪ ስትቀይሩ የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ጥረጉ።

ፍሬን። የዲስክ ፍሬን ካላችሁ ሸራውን ከመምጣታችሁ በፊት አሳዩ። ቸርኬ የሚይዝ ፍሬን ያላችሁ ከደሴ ወደ ሐይቅ ስትወርዱ ተጠንቀቁ። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳትለቁ ከያዛችሁ ቸርኬው ግሎ ከመነዳሪው ሊፈነዳ ይችላል። ያዝ አድርጉ፣ ልቀቁ፣ እንደገና ያዝ። ሲግል ቁሙ።

ለቡድኑ፦ አንድ የካቴና መፍቻ ከሁለት መጋጠሚያ ጋር፣ ለየብስክሌቱ የራሱ የማርሽ ማንጠልጠያ (የኋላውን ማርሽ ቀያሪ ከፍሬሙ ጋር የሚያያይዘው ብረት)፣ ጥቂት ራጂ (የቸርኬ ሽቦ)፣ ፓምፕ (በጋዝ መንፊያ ብቻ አትመኩ፣ ካለቀ አለቀ)፣ የፍሬን ገመድ፣ የፕላስቲክ ማሰሪያ። የማርሽ ማንጠልጠያውን አደራ። ከተሰበረ ደሴ ውስጥ ለዚያ ብስክሌት የሚሆን አታገኙም፤ እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ ቅርጽ አለው።


ከሰመራ
ጥቅምት 13፣ ጠዋት 2፡10

ሰላም። እኔ የምሠራው ሰመራ ነው፣ የምነዳውም ሜዳና ሙቀት ላይ። ከ430 ሜትር ተነስቼ 2,800 ላይ ብወጣ ሳንባዬ ምን ይለኛል? ያለኝ ብስክሌትም ግራቭል (ለጠጠር መንገድ የተሠራ) አይደለም፣ ተራ ማውንቴን ነው። ብመጣ እጎትታችኋለሁ ብዬ ፈርቻለሁ።


ኪያቤ
ጥቅምት 13፣ ጠዋት 2፡44

ማውንቴኑን ይዘህ ና። ለየገፍ ከሁላችንም የተሻለ ነው። አስፋልቱ ላይ ትንሽ ትቀራለህ፣ ዳገቱ ላይ ግን ማርሽህ ያድንሃል።


አያ ዳገት
ጥቅምት 13፣ ጠዋት 3፡15

ስለ ከፍታው፦ 2,500 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠርዝ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አንተ ባለህበት ግን ከመቶ 95 ገደማ ታገኛለህ። ስለዚህ በለመድከው ጉልበት ከጀመርክ በመጀመሪያው ሰዓት ትቃጠላለህ። ከቻልክ ሐሙስ ማታ ደሴ ገብተህ እደር፣ ዓርብ ቀስ ብለህ በእግርህ በጦሳ ተራራ በኩል ዞር ዞር በል፣ ማታ ወደ ኮምቦልቻ ውረድ። ቅዳሜ ደግሞ የትንፋሽህን መለኪያ ወሬ አድርገው። አጠገብህ ካለው ሰው ጋር ሳይቆራረጥብህ ማውራት ከቻልክ ፍጥነቱ ልክ ነው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ መድኃኒቱ መውረድ ነው፣ በዚህ ላይ ጀግንነት አያስፈልግም።

ሁለተኛው ልብስ ነው። ደሴ ኅዳር ማታ ብርዷ አጥንት ይገባል። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ ላብ ያራሰው ሸሚዝ ለብሶ ቁልቁለት የገባ ሰው ይንቀጠቀጣል። ደረቅ ካናቴራ በላስቲክ ጠቅልለህ ያዝ፣ ትከሻው ላይ ስትደርስ ቀይር።


የአልቡኮው
ጥቅምት 13፣ ምሽት 12፡55

እዚሁ አካባቢ በግብርና ሥራ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ። ማይባርን ስለጠራችሁ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው ሐይቅን እንጂ ማይባርን አያውቅም።

ከደሴ በስተደቡብ ምሥራቅ 14 ኪ.ሜ ያህል ነው። ከሐይቁ በላይ ያለው ሸለቆ፣ 113 ሄክታር ገደማ፣ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የአፈር መሸርሸር ሲለካበት የኖረ የምርምር ጣቢያ ነው። ከፍታው ከ2,530 እስከ 2,858 ሜትር ይደርሳል፤ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ያገኛል። ይህን የምነግራችሁ ለጉዟችሁ ስለሚጠቅም ነው። አፈሩ ስስና ድንጋያማ ነው፤ ዝናብ ሲመታው ታጥቦ ድንጋዩ ያገጥጣል። ለዚህ ነው ያ ሁሉ እርከን የተሠራው። አደራ የምላችሁ፣ ለማቋረጥ ብላችሁ እርከን ላይ አትውጡ። አንድ የጎማ ቦይ በቁልቁለቱ አቅጣጫ ከተሰመረ በሚቀጥለው ክረምት ውሃ ይዞት ይወርዳል፣ ካቡንም ያፈርሳል። ያ ካብ የገበሬው የብዙ በጋ ድካም ነው። መንገድ ቢጠፋባችሁ ተመለሱ፣ በማሳ አትለፉ። ኅዳር አጨዳ ነው፤ ክምርና አውድማ አጠገብም ውረዱና ግፉት።

ፈቃድ። የየገፍ ደን የመንግሥት ጥብቅ ደን ነው፤ ጠባቂዎች አሉት። ሳትጠይቁ ብትገቡ እነሱም ይቸገራሉ፣ እናንተም ቀናችሁ ይበላሻል። ከወረዳው ደብዳቤ ያዙ፤ መስመራችሁን፣ ቁጥራችሁን፣ የምትወጡበትን ሰዓት ጻፉበት። ከዚያ ለምታልፉባቸው ቀበሌዎች አሳውቁ። በዋዜማው ደግሞ እንደገና ደውላችሁ ስለ ጸጥታው ጠይቁ። ያለንበት ጊዜ ትላንት ክፍት የነበረ መንገድ ዛሬ የሚዘጋበት ነው። “አትምጡ” ካሏችሁ ያለ ክርክር ቅሩ፤ ተራራው የትም አይሄድም። ድሮን የሚባል ነገር ይዛችሁ እንዳትመጡ።

አንድ ከባድ ነገር አለ፣ ሳልናገረው አላልፍም። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ ነበር፤ ዙሪያው ያለው ኮረብታ ምሽግ ሆኗል። ሰው በየቀኑ ከሚሄድበት መንገድ ወጥታችሁ ጥሻ ውስጥ አትግቡ። የማታውቁት ብረት ብታዩ አትንኩ፣ አታንሱ፣ ፎቶ ለማንሳትም አትጠጉ። ቦታውን አስታውሳችሁ ለመጀመሪያው የጸጥታ ሰው ንገሩ።

ሰኞ ወደ ሰኞ ገበያ የሚወስደው መንገድ በሰውና በከብት ይሞላል፤ ቅዳሜ መምረጣችሁ ጥሩ ነው።


የቦርከና ልጅ
ጥቅምት 13፣ ምሽት 1፡20

ደብዳቤውን በኮምቦልቻ በኩል ያለውን እኔ እከታተላለሁ። በደኑ መንገድ የሚመራን አንድ የአካባቢው ልጅ ብንቀጥር ምን ትላላችሁ? በእግሩ ከኛ ይፈጥናል፤ ዳገቱ ላይ እውነቴን ነው።


ጠጠር ወዳድ
ጥቅምት 13፣ ምሽት 1፡34

በጣም ጥሩ። የቀኑን ዋጋውን እንክፈል፣ ምሳውም ከኛ። የአልቡኮው፣ ስለ እርከኑና ስለ ብረቱ ያልከውን ለሁሉም ሰው ከመነሳታችን በፊት አነብላቸዋለሁ። ውሃስ? ከየገፍ እስከ ማይባር ምንጭ ይገኛል?


የአልቡኮው
ጥቅምት 13፣ ምሽት 2፡08

ኅዳር ላይ ክረምቱ ከወጣ ገና ስለሆነ ምንጭ አይጠፋም፣ ግን በካርታ ላይ ያያችሁትን ሰማያዊ መስመር አትመኑ፤ ሰው ጠይቁ። ለእያንዳንዱ ሦስት ሊትር ይዛችሁ ተነሱ። የምትቀዱትን በውሃ አጋር አክሙት፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው አትጠጡ። በቦርከና ተፋሰስ ቢልሃርዝያ አለ፤ ሞቆኛል ብላችሁ ወንዝ ውስጥ አትዘፈቁ።


የሐይቋ
ጥቅምት 14፣ ጠዋት 3፡30

እኔ የሐይቅ ልጅ ነኝ፣ ብስክሌትም እነዳለሁ። እስካሁን ስለ የገፍ ብቻ ነው ያወራችሁት፤ ሁለተኛውን ቀን እንደ መመለሻ አትዩት።

ከደሴ ስትወጡ ቦሩ ሜዳ ላይ ጠዋቱ ውርጭ ነው፣ ጓንት አድርጉ። አፄ ዮሐንስ በ1870 ታላቁን የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ሜዳ ነው፤ ብዙዎች ሳያውቁት ያልፉታል። ከዚያ ወደ ሐይቅ ስትወርዱ የተወሰነው ክፍል አስፋልት መሆኑ አይቀርም፣ እሱን ቶሎ ጨርሱት። ሐይቅ ከተማ ከደሴ 30 ኪ.ሜ ገደማ ነው።

የሐይቁ ስፋት 23 ካሬ ኪ.ሜ ነው፣ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ዳሩ ላይ ቆማችሁ ጸጥ ብሏል ብላችሁ አትግቡበት፣ ቶሎ ነው የሚጠልቀው። የእስጢፋኖስ ገዳም ያለው እዚሁ ነው፤ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት። ድሮ ደሴት ነበር፣ አሁን ከየብስ ጋር ስለተገናኘ በእግር ይገባል። ሴት ግን አትገባም። ይህን የምጽፈው ለመውቀስ አይደለም፣ ሥርዓቱን አከብራለሁ። ነገር ግን በቡድኑ ውስጥ ሴቶች ካለን ዕቅዱ ላይ ይታሰብበት። ወንዶቹ ሲሳለሙ እኛ በር ላይ ብስክሌት ስንጠብቅ አንውል። የኔ ሐሳብ ይኸውና፦ መሳለም የሚፈልግ ከአጭር ቁምጣው ላይ ረጅም ሱሪ ለብሶ፣ ነጠላ ይዞ ይግባ፤ የቀረነው በዚያው ሰዓት በአንከርከሃ ወንዝ አቅጣጫ ወደ አርዲቦ እንጀምር። አርዲቦ ከሐይቅ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው፣ ውሃው በአንከርከሃ በኩል ወደ ሐይቅ ይወርዳል። በመሃላቸው ያለው ርቀት በቀጥታ 5 ኪ.ሜ ያህል ቢሆንም መንገዱ ይዞራል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል። እዚያ እንገናኝ።

አርዲቦን ስታዩ ለምን እንዳልኳችሁ ይገባችኋል። የሐይቅ ዳር ከተማም መንገድም አለው። አርዲቦን ግን ተራራው ከቦ ለብቻው አቅፎታል፣ ዳገቱ እስከ ውሃው ጠርዝ ይወርዳል። የባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ደናማ ኮረብታ ላይ መንዳት የሚመኝ ሰው ወሎ ውስጥ ከዚህ የሚቀርበው ቦታ አያገኝም።

ሕፃናቱ ከኋላችሁ ይሮጣሉ። አትሽሹ፣ ፍጥነት ጨምራችሁ ለማምለጥ የሞከራችሁ እንደሆነ ጨዋታው ድንጋይ ይሆናል። ቁሙ፣ ስማቸውን ጠይቁ፣ ደወሉን አስነኳቸው። ብርና ከረሜላ አትበትኑ፤ ቀጥሎ ለሚመጣው ሰው ነው የሚተርፈው።


ከሰመራ
ጥቅምት 14፣ ጠዋት 4፡05

እህቴ፣ ስለ ሕፃናቱ ያልሽው ለአፋርም ይሠራል። የበግ ውሻስ?


የሐይቋ
ጥቅምት 14፣ ጠዋት 4፡22

ውሻ ሲመጣ ውረድ፣ ብስክሌቱን በመሃል አድርግ፣ እረኛውን ጥራ። ውሻው የሚከላከለው በጎቹን ነው፤ በእግርህ ስትሄድ ሰው መሆንህን ያውቃል። በጩኸት አትመልስለት።


አያ ዳገት
ጥቅምት 14፣ ቀን 7፡10

ምግብ አልተነሳም። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ የምትጾሙ አስቀድማችሁ አስቡ፤ ቅቤ ያለበት ጭኮ አይሆናችሁም። የጾመ ሰው ግን አይጎዳም፣ እንዲያውም ለብስክሌት የሚበጀው የጾሙ ምግብ ነው። በሶ በስኳርና በትንሽ ጨው በጥብጣችሁ በአንዱ ኮዳ ያዙ፣ በሌላው ውሃ። ቴምር፣ ዳቦ፣ ቆሎ። ከጀመራችሁ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መብላት ጀምሩ፣ እስኪርባችሁ አትጠብቁ። ቆሎውን ግን ስትቆሙ ብቻ፤ ዳገት ላይ እየተነፈሱ ቆሎ መቃም ትን ያስብላል። ሙስሊሞቹ ወንድሞቻችን የዙህር ሰዓታቸው ዕቅዱ ውስጥ ይግባ፤ ማይባር ላይ ምሳና ሶላት አንድ ላይ ብናደርገው ይገጥማል።


ጠጠር ወዳድ
ጥቅምት 15፣ ምሽት 2፡40

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዕቅዱን እንዳላችሁት አስተካክዬ ጽፌዋለሁ።

ቅዳሜ። ኮምቦልቻ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ከመሪያችን ልጅ ጋር። እስከ ደኑ ትከሻ የሚያቻኩለን የለም፤ እስከ 5 ሰዓት ተኩል ትከሻው ላይ ካልደረስን ግን ወደ ኮምቦልቻ እንመለሳለን። ይህን ሰዓት ከአሁኑ የምናገረው እዚያ ላይ ሆነን እንዳንከራከርበት ነው። ማይባር ምሳና ሶላት፣ ከዚያ ደሴ እስከ 10 ሰዓት። ማንም ብቻውን አይቀርም፣ ማንም ብቻውን አይቀድምም። ፊት የቦርከና ልጅ፣ መጨረሻ እኔ።

እሑድ። ከደሴ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል፣ ውርጩ ሲለቅ። ገዳም የሚሳለሙና ወደ አርዲቦ የሚቀድሙ ተለያይተው አርዲቦ ላይ መገናኘት፣ ልክ የሐይቋ እንዳለችው። ምሳ ሐይቅ። ከዚያ ብስክሌቱን አይሱዙ ላይ ጭነን መመለስ፤ በዚያ ቀን ሐረጎን በብስክሌት የሚወርድ የለም።

ካርታውን ሁሉም ሰው ከመስመር ውጭ እንዲሠራ አድርጎ ስልኩ ላይ ያውርድ፤ ደኑ ውስጥ ኔትወርክ ይቆራረጣል። ኅዳር አጋማሽ ላይ ያልተጠበቀ ዝናብ ከጣለ በሁለት ሳምንት እናራዝመዋለን። በርጥብ አፈር መንዳት ለኛ ጭቃ ነው፣ ለአልቡኮ ገበሬ ግን የተቆፈረ መንገድ ነው።

እስካሁን የገባን አምስት ነን። ሁለት ቦታ አለ፤ የማርሹን ነገር ኪያቤ እንዳለው ያላሟላ አይመዝገብ።


ከሰመራ
ጥቅምት 15፣ ምሽት 3፡01

አንዱ ቦታ የኔ ነው። ሐሙስ ማታ ደሴ እገባለሁ ኢንሻ አላህ።


ኪያቤ
ጥቅምት 15፣ ምሽት 3፡12

ዓርብ ከ11 ሰዓት በፊት ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ሁላችሁም ብስክሌታችሁን ይዛችሁ እዚያው ጠብቁኝ፤ ፍሬንና ካቴና እኔ ሳላይ ማንም ቅዳሜ አይነሳም። ሥራው በነፃ ነው፣ ዕቃ የሚቀየርበት የዕቃውን ብቻ ይከፍላል። የማርሽ ማንጠልጠያ ቁጥራችሁን ከአሁኑ ጻፉልኝ፣ አዲስ አበባ ያለ ሰው እንዲፈልግላችሁ አደርጋለሁ።


የሐይቋ
ጥቅምት 15፣ ምሽት 3፡25

ለእሑድ ምሳ ዓሣ የሚበላና የማይበላ ለይታችሁ እስከ ኅዳር 20 ንገሩኝ። የጾም በየዓይነቱም አሠራለሁ።